እሁድ ባንዲራ ልይዝ ነው፤ ኦፍሳይድን በደንብ አስረዱኝ

የሽምብጥ ልጅ፦

ሰላም ቤተሰብ። እሁድ ሰፈራችን ከዓባይ ማዶ ልጆች ጋር ይጫወታል። ዳኛ ተገኝቷል፣ መስመር ዳኛ ግን የለም። እኔ ጉልበቴን ስለሚያመኝ መጫወቱን ትቻለሁና «ዝም ብለህ ከምትቀመጥ ባንዲራ ያዝ» ተባልኩ። እሺ አልኩ። አሁን ግን ጭንቅ ብሎኛል። ዲኤስቲቪ ቤት ሲሆን ቀላል ነው። አቁመው ያሳዩናል፣ መስመሩን ያሰምሩልናል፣ እኛም ማኪያቷችንን ይዘን «ግልጽ ኦፍሳይድ!» እንላለን። ሜዳ ላይ ማን ያቆምልኛል?

ሦስት ነገር ንገሩኝ። አንደኛ፣ ባለፈው ሐይቁ ዳር ባለው ሜዳ ኮርና ተመታ፣ በረኛው ወጥቶ ኳሷን ሳታት፣ አንዱ አጥቂ በጭንቅላት ወደ ጎሉ ገፋት፣ ሌላው እዚያው ቆሞ ስለነበር እግሩን አስገብቶ አገባ። ጎል መስመሩ ላይ አንድ ተከላካይ ነበር። ዳኛው ሻረው። «ተከላካይ ከኋላው እያለ ምን ኦፍሳይድ አለ? ደግሞስ ከኮርና ኦፍሳይድ አለ እንዴ?» ተባለና ሜዳው ተተራመሰ፣ ጨዋታው ሳያልቅ ተበተንን። ማን ነው ልክ? ሁለተኛ፣ ሁልጊዜ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ አጥቂ አለን። ኳስ ሲላክለት ወደ ኋላ ሮጦ መጥቶ ይቀበልና «ስቀበል እኮ ተከላካዩ ከእኔ ይልቅ ለጎሉ ይቀርብ ነበር» ይላል። ሦስተኛ፣ የት ነው የምቆመው? ምኑን ነው የማየው?

ቀያይ ሰይጣን፦

አታካብደው ባክህ። ከመጨረሻው ተከላካይ ካለፈ ኦፍሳይድ፣ ካላለፈ ይቀጥላል። አለቀ። ብቻ እኛን ዓባይ ማዶዎችን እንዳትበድል።

ጋሽ መስመር፦

ይቺ «የመጨረሻው ተከላካይ» የምትባል ነገር ናት ሰዉን ሁሉ የምታጣላው። ሕጉ፣ ማለትም ሕግ 11፣ ተከላካይ ብሎም በረኛ ብሎም አይለይም። ወደ ጎል መስመሩ ከቀረቡት የተቃራኒ ቡድን ተጫዋቾች ሁለተኛውን ነው የሚቆጥረው። ብዙ ጊዜ በረኛው ጎሉ ላይ ስለሚቆም አንደኛው እሱ ይሆናል። ስለዚህ ዓይናችን አንድ ተከላካይ ብቻ መፈለግ ለምዷል። በረኛው ወጥቶ ሲቀር ግን ሒሳቡ ይለወጣል። ያን ዕለት መስመሩ ላይ የነበረው ልጅ አንድ ነው። ሁለተኛውስ የታል? አጥቂው ከሁለተኛውም ሰው ከኳሷም ቀድሞ ለጎሉ ከቀረበ ኦፍሳይድ ነው። ባወራኸኝ መሠረት ዳኛችሁ ልክ ነበር።

ከኮርና ኦፍሳይድ የለም የሚሉትም እውነት አላቸው፣ ግማሹን። ከኮርናው በቀጥታ የተቀበለ ሰው ኦፍሳይድ አይባልም። ጓደኛው በጭንቅላቱ ሲነካት ግን ኮርናው አለቀ። ከዚያች ንኪት ጀምሮ እንደ አዲስ ይቆጠራል።

የኳታር 2022 የዓለም ዋንጫ መክፈቻን ያየ ሰው ይህንኑ አይቷል። ኢኳዶር ገና በ3ኛው ደቂቃ በኤነር ቫሌንሲያ አገባች። ቅጣት ምት ተሻምቶ የኳታሩ በረኛ ወጥቶ ከኢኳዶሩ ፌሊክስ ቶሬስ ጋር ተጋፋ፣ ኳሷ ወደ ጓደኛው ኤስትራዳ ሄደች፣ ከዚያ ተመላልሳ ቫሌንሲያ ጋ ደረሰች። ኳሷ ወደ ኤስትራዳ ስትሄድ ከእሱ ይልቅ ለጎሉ የቀረበው አንድ ኳታራዊ ብቻ ነው። በረኛው ከፊት ቀርቷል። የኤስትራዳ እግር ከሁለተኛው ሰው አልፎ ስለተገኘ ጎሉ ተሻረ። እኔ ያየሁበት ቤት ውስጥ ግማሹ ሰው «ኳታር ገንዘብ ከፈለች» እያለ ነበር።

አሁን ሁለተኛው ጥያቄህ። የሁሉም ነገር ቁልፍ እሱ ነው። ኦፍሳይድ አጥቂው ኳሷን ሲቀበል አይለካም። ጓደኛው ኳሷን በመታበት ቅጽበት ነው የሚለካው። እግሩ ኳሷን ገና ሲነካት፣ በዚያች ቅጽበት በአእምሮህ ፎቶ አንሣ። ከዚያ በኋላ ማንም የትም ቢሮጥ ፎቶው አይቀየርም። ያ ላይ ቆሞ ጠባቂ ልጃችሁ ሲመታ ካለፈ፣ ወደ ኋላ ሮጦ የራሱ ግማሽ ሜዳ ውስጥ ገብቶ ቢቀበል እንኳ ኦፍሳይድ ነው። ቅጣት ምቱም ከዚያው ከተቀበለበት ይመታል። በተቃራኒው፣ ሲመታ ልክ የነበረ አጥቂ ኳሷ እስክትደርስ አሥር ሜትር ቢያመልጣቸው ንጹሕ ነው። ተመልካች ይህን አያይልህም። ዓይኑ ኳሷን ተከትሎ ይሄድና፣ ስታርፍ አጥቂው ብቻውን ሲያገኘው «ኧረ ኦፍሳይድ! ኧረ ዳኛ!» ብሎ ይጮኻል። አትስማው።

የሽምብጥ ልጅ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ስለ ኮርናው ዛሬ ገና ገባኝ። እኩል ከሆኑስ? እጁ ብቻ ቢያልፍስ?

ፔዳ 8 ቁጥር፦

እኩል ከሆኑ ጨዋታው ይቀጥላል። ከ1990 (እ.ኤ.አ.) በፊት እኩል መሆንም ኦፍሳይድ ነበር፣ ስለዚህ የድሮ ሰው ቢከራከርህ አትገረም።

እጅ አይቆጠርም፣ ክንድም አይቆጠርም። ወሰኑ ብብት ነው። ትከሻ ይቆጠራል፣ ጭንቅላት፣ ደረት፣ ጉልበት፣ የእግር ጣት ሁሉ ይቆጠራል። በአጭሩ ጎል ሊያገባበት በሚችለው አካሉ ካለፈ አልፏል። ለተከላካዮቹም እንዲሁ ነው፣ የበረኛውም እጅ ሳይቀር አይቆጠርም።

የራሱ ግማሽ ሜዳ ውስጥ ያለ ሰው ኦፍሳይድ የለበትም። መሀል መስመሩ ላይ ያለም እንደዚያው። ከኳሷ ኋላ ያለም የለበትም፣ ፊቱ ማንም ባይኖር እንኳ። ሁለት አጥቂ በረኛውን ብቻ ይዘው ሲሮጡ አንዱ ወደ ጎን ወይ ወደ ኋላ ካቀበለው ጎል ነው። እዚህ ላይ ባንዲራ የሚያነሣ ሰው አይቼ አውቃለሁ፣ ያናድዳል።

በእጅ ውርወራም ኦፍሳይድ የለም። ኳሷ ከጎል መስመር ወጥታ በረኛው መሬት አስቀምጦ ሲመታም የለም። በጨዋታ መሀል በእጁ ይዟት ሲለጋ ግን አለ! ይቺን ብዙ ሰው ያምታታል። ከሐይቁ ንፋስ ሲነሣ ደግሞ የእናንተ ሰፈር በረኛ ሲለጋት ኳሷ ተቃራኒ በረኛ ጋ ነው የምትደርሰው፣ ስለዚህ ንቁ።

ቀያይ ሰይጣን፦

እሺ ካልነካስ? የማንቸስተር ዩናይትዱ ራሽፎርድ ሲቲ ላይ ኦፍሳይድ ቦታ ሆኖ ኳሷን አልነካም፣ ጎሉ ጸደቀ። እኔ እስከዛሬ በዚያ ጎል እየኖርኩ ነው።

መድፈኛው፦

ጉድ ነው! ሰውዬው ከመሀል ሜዳ ጀምሮ ኳሷን አጅቦ እየሮጠ፣ ሊመታ እግሩን እያዘጋጀ፣ ተከላካዩም በረኛውም እሱን እያዩ፣ ከዚያ ጓደኛው ብሩኖ ከጎን መጥቶ ሲያገባ «አልተሳተፈም»? አልተሳተፈም ማለት ቡና እየጠጣ ነበር ማለት ነው?

ቀያይ ሰይጣን፦

ዋንጫ ለሌለው ሰው አልመልስም።

ጋሽ መስመር፦

ልጆች ተዉ። ነገሩ ግን ለእሁድ ይጠቅማል። ኦፍሳይድ ቦታ ላይ መቆም ብቻውን ጥፋት አይደለም። ኳሷን ከነካ ጥፋት ነው። ባይነካም የበረኛውን እይታ ከጋረደ፣ ከተከላካይ ጋር ለኳሷ ከተጋፋ፣ አጠገቡ ያለችን ኳስ ሊመታ ሞክሮ ተቃራኒውን ካወከ ጥፋት ነው። ሌላው ጓደኛው መትቶ ኳሷ ከአግዳሚው ወይ ከበረኛው ስትመለስ ቀድሞ ቆሞ የነበረ አጥቂ ካገኛትም ጥፋት ነው።

እ.ኤ.አ. ጥር 14 ቀን 2023 በኦልድ ትራፎርድ የሆነው ይኸው ነው። መስመር ዳኛው ባንዲራ አንሥቶ ነበር፣ ዋናው ዳኛ ከእሱ ጋር ተነጋግሮ አጸደቀው። ራሽፎርድ አልነካም፣ ማንንም አልጋፋም ብለው ነው። እኔ ብሆን እሽረው ነበር። እዚያ ቦታ ላይ ያለ ሰው ኳሷን በእግሩ ሥር አድርጎ ሲሮጥ ተከላካዩ እሱን ትቶ ብሩኖን ሊይዝ አይችልም። ሕጉ ሲጻፍ እንዲህ ዓይነት ሩጫ ማንም አላሰበውም መሰለኝ። አንተ ግን የሽምብጥ ልጅ፣ እሁድ እንዲህ ያለው ቢገጥምህ ቶሎ ባንዲራ አታንሣ። ጠብቅ። ማን እንደሚነካት እይ፣ ከዚያ አንሣ። የተቻኮለ ባንዲራ ንጹሕ ጎል ይገድላል። የዘገየ ባንዲራ ቢበዛ ስድብ ነው የሚያተርፍልህ።

የሽምብጥ ልጅ፦

ተከላካዩ ነክቷት ወደ አጥቂው ብትሄድስ? ይሄ ሁሌ ያጣላናል። «ከእናንተ ነው የመጣው» ይላሉ።

ፔዳ 8 ቁጥር፦

ይሄ ከባዱ ነው። ተከላካዩ አስቦበት፣ ኳሷን ተቆጣጥሮ ሊያቀብል ወይ ሊያወጣ ሲል ተበላሽቶበት አጥቂው ጋ ከደረሰች ኦፍሳይድ የለም። ተመትታ ሰውነቱ ላይ አርፋ ከተመለሰች ግን ኦፍሳይዱ እንዳለ ነው። ጎል እንዳይገባ ሲያድን ቢነካትም እንዲሁ፣ ኦፍሳይዱ አይጠፋም።

ችግሩ መሀል ላይ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የኔሽንስ ሊግ ፍጻሜ ምባፔ ስፔን ላይ ያገባት ትዝ ይላችኋል? ኳሷ ስትላክለት አልፎ ነበር፣ የስፔኑ ተከላካይ ኤሪክ ጋርሲያ ተንሸራቶ ጫፏን ነካት፣ ያቺ ንኪት «ሆን ተብሎ የተደረገ ጨዋታ» ተባለችና ጎሉ ጸደቀ። ፈረንሳይ 2 ለ 1 ወሰደች። ሰውዬው እኮ ባይንሸራተት ኦፍሳይድ ነበር! ሊያድን ስለሞከረ ተቀጣ ማለት ነው። በዚህ ብዙ ስለተወራ በ2022 ማብራሪያ ወጣ። አሁን ተከላካዩ ኳሷን የመቆጣጠር እድል ነበረው ወይ ተብሎ ይታያል። ከሩቅ ነው የመጣችው? በግልጽ አይቷታል? ሰውነቱን ለማስተካከል ጊዜ ነበረው? ተዘርጥጦ፣ ተንጠራርቶ ወይ ዘሎ ብቻ ከነካት አይቆጠርበትም።

ለሰፈር ጨዋታ እኔ የምልህ፣ ልጁ ተረጋግቶ መትቷት ከሆነ ይቀጥል፣ ተንጠራርቶ ከሆነ ባንዲራህን አንሣ።

ጣና ዳር፦

እኔ ደግሞ ከባድ ጥያቄ አለኝ። ከሐይቁ ጉማሬ ወጥቶ ጎሉ አጠገብ ቢቆም ሁለተኛው ሰው ተብሎ ይቆጠራል?

የሽምብጥ ልጅ፦

ጉማሬ ከወጣ ባንዲራውን ጥዬ ነው የምሮጠው፣ ኦፍሳይዱን እሱ ይወስን። ግን አንድ ነገር አስታወስከኝ። ሜዳችን ላይ ጫማ ሊያስር፣ ውሃ ሊጠጣ የሚወጣ ተከላካይ አይጠፋም። እሱስ ይቆጠራል?

ጋሽ መስመር፦

ይቆጠራል። ሳያስፈቅድ የወጣ ተከላካይ ጨዋታው እስኪቋረጥ ድረስ በወጣበት በኩል መስመሩ ላይ እንደቆመ ተደርጎ ነው የሚወሰደው። ወይም የእሱ ቡድን ኳሷን ወደ መሀል ገፍቶ ከቅጣት ምት ክልሉ እስኪያወጣት ድረስ። አለበለዚያማ ተከላካይ ሁሉ ከመስመር እየወጣ አጥቂውን ኦፍሳይድ ያስገባ ነበር።

በዩሮ 2008 ሆላንድ ጣሊያንን 3 ለ 0 ስታሸንፍ የመጀመሪያዋ ጎል እንዲህ ናት። የጣሊያኑ ተከላካይ ፓኑቺ ከራሱ በረኛ ከቡፎን ጋር ተጋጭቶ ከጎል መስመሩ ውጭ ወድቆ ነበር። የሆላንዱ ቫን ኒስተልሮይ ከቡፎን ሌላ ማንም ሳይኖር አገባ። ዓለም ሁሉ ኦፍሳይድ አለ። ፓኑቺ ውጭ ተኝቶም ተቆጠረ፣ ጎሉ ጸደቀ። ልክም ነበር።

አሁን የት ልቁም ላልከው። ከኳሷ ጋር አትሩጥ። ከሁለተኛው ሰው ጋር ትክክል እኩል ቁም። እሱ ወደ ላይ ሲወጣ ውጣ፣ ሲመለስ ተመለስ። ኳሷ ከእሱ አልፋ ለጎሉ ከቀረበች ደግሞ ከኳሷ ጋር እኩል ሁን። አጭር ርቀት ሲሆን ፊትህን ወደ ሜዳ አድርገህ በጎን ተራመድ። ሩቅ ሲሆን ብቻ ዞረህ ሩጥ። አንድ ሜትር ወደ ኋላ ከቀረህ ወይ አንድ ሜትር ከቀደምክ ማዶ ያለው አጥቂ ያለፈ ወይ ያላለፈ ይመስልሃል፣ ዓይንህ ሳይሆን የቆምክበት ቦታ ነው የሚዋሽህ። አጥቂው ወደ ጎል፣ ተከላካዩ ወደ መሀል ሲሮጡ ደግሞ በዓይን ጥቅሻ ሜትሮች ይራራቃሉ፣ ዓይንህን ለአፍታ ከመስመሩ ነቅለህ ወደ መቺው ካዞርክ ስትመለስ ሁሉም ተለዋውጧል።

ታዲያ ኳሷ መቼ እንደተመታች በምን ታውቃለህ? በጆሮህ። ዓይንህ መስመሩ ላይ፣ ጆሮህ ኳሷ ላይ። «ጧ» ስትል ፎቶውን አንሣ። ስታዲየም ውስጥ ይሄ አይሠራም፣ በ2007 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ሌሶቶን 2 ለ 1 ሲያሸንፍ ባሕር ዳር ስታዲየም የነበረ ሰው ያውቀዋል፣ በዚያ ጩኸት መሀል እንኳን ምት ፊሽካም በግድ ነው የሚሰማ። የሰፈር ሜዳ ላይ ግን ጥሩ አድርጎ ይሰማል።

ባንዲራውን በቀኝ እጅህ አንሣ። ሜዳው እንዳይጋረድብህ ነው። ዳኛው እስኪነፋ ቀጥ አድርገህ ያዝ። ሲነፋ ቦታውን አሳይ። ጥፋተኛው ከአንተ ማዶ ከሆነ ባንዲራው ትንሽ ወደ ላይ፣ መሀል ከሆነ አግድም፣ ከአንተ በኩል ከሆነ ወደ ታች። ዳኛው አይቶህ «ተወው» ካለ አውርድና ቀጥል፣ የመጨረሻው ቃል የእሱ ነው። ሌላው፣ ጨዋታው ከሰዓት በኋላ ከሆነ ፀሐይ ከጀርባህ የምትሆንበትን ጎን ቀድመህ ያዝ። ዘግይተህ ከደረስክ ያኛውን ነው የሚሰጡህ።

መድፈኛው፦

ጋሼ እውነት እነዚህ ሕጎች ለምን አስፈለጉ? ቢነሣ ጎል አይበዛም?

ፔዳ 8 ቁጥር፦

ኳስ ሁሉ ላይ ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው እየተለጋ ያልቅ ነበር፣ መሀል ሜዳ ላይ የምንጫወት ሰዎች እንደ ሜዳ ቴኒስ ተመልካች አንገታችንን ስናዞር እንውል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1863 የመጀመሪያው ሕግ ሲጻፍ እንዲያውም ከኳሷ ፊት ያለ ሰው ሁሉ ኦፍሳይድ ነበር። በ1866 ሦስት ተቃራኒ ይኑር ተባለ። ተከላካዮች ግን ብልጥ ሆኑ። የኒውካስሉ ቢል ማክራከን ወደ ፊት እየወጣ አጥቂውን ሁሉ ወጥመድ ውስጥ ያስገባ ነበር። በዚህ ምክንያት በ1925 ሦስቱ ወደ ሁለት ወረደ። በእንግሊዝ አንደኛ ዲቪዚዮን በአንድ ዓመት 1,192 የነበረው ጎል በቀጣዩ 1,703 ሆነ። በአንድ ሰው መቀነስ!

ወጥመዱ ግን አልጠፋም። ሳውዲዎች በኳታሩ የዓለም ዋንጫ አርጀንቲናን ምን እንዳደረጓት አይታችኋል። ተከላካዮቹ መሀል ሜዳ አካባቢ ተሰለፉ፣ አርጀንቲና በመጀመሪያው አጋማሽ ሦስት ጎል ተሻረባት፣ በመጨረሻም 2 ለ 1 ተሸነፈች። ያኛው ግን በካሜራ ነው። 12 ካሜራ ከጣሪያው ሥር የተጫዋቹን 29 የአካል ነጥብ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይከታተል ነበር፣ ኳሷ ውስጥ ያለው መሣሪያ ደግሞ በሴኮንድ 500 ጊዜ መረጃ ይልክ ነበር። ሰፈር ውስጥ ያን ወጥመድ የሚሞክር ቡድን የሽምብጥ ልጅን ዓይን ነው የሚያምነው።

ቀያይ ሰይጣን፦

እኛ ዓባይ ማዶዎች እንሞክረዋለን።

የሽምብጥ ልጅ፦

ሞክሩ፣ ጆሮዬ ንቁ ነው። አንድ የቀረኝ። ሜዳው ከጠበበ ሰባት ለሰባት እንጫወታለን እያሉ ነው። ያኔም ኦፍሳይድ አለ?

ጋሽ መስመር፦

ፉትሳል ላይ ኦፍሳይድ የለም፣ አምስት ለአምስት ነውና። ሰባት ለሰባት ላይ እንደ ውድድሩ ነው። እኔ ብሆን በጠባብ ሜዳ አላስገባውም፣ ተከላካይና አጥቂ እላይ በላይ ስለሚሆኑ በየደቂቃው ባንዲራ ስታነሣ ትውላለህ። ግን ከመጀመሩ በፊት ሁለቱን አምበሎች ጠርታችሁ «አለ» ወይ «የለም» ተባባሉ። አለ ከተባለ ደግሞ ቅጣት ምቱ በቀጥታ ጎል የማይገባበት መሆኑን አብራችሁ ንገሯቸው። ሌላ ሰው ሳይነካት ከገባች ጎል አይደለም፣ ዳኛው ኳሷ ሌላ ሰው እስክትነካ እጁን ወደ ላይ እንዳነሣ ይቆይ። ይሄንንም የሚረሳ ዳኛ ሞልቷል።